የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ንጽጽር፦ የትኛው በሰውነት ውስጥ የት ይሠራል፣ ለማንስ ይስማማል?

«ከሁሉም የሚበረታው የትኛው ነው?» የኮሌስትሮል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ቀድሞ ቢጠየቅ ግን ሁለቱን በአብዛኛው ይመልሳቸዋል፦ ይህ ክኒን ሰውነቴ ውስጥ የት ነው የሚሠራው? አንዱ ጉበት ውስጥ ይሠራል፣ ሌላው አንጀት ላይ፣ ሌላው ደግሞ በደም ውስጥ የሚዘዋወርን ፕሮቲን ይይዛል። አንድ ቦታ የሚሠራን መድኃኒት መጠን እየጨመሩ መሄድ ትርፉ ጥቂት ነው፤ የተለያየ ቦታ የሚሠሩ ሁለት መድኃኒቶችን ማጣመር ግን ብዙ ያተርፋል። ለምርጫ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ማዘዣውን የሚጽፈው ሐኪም ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ አውቀው እንዲቀመጡ ነው።

ኮሌስትሮሉ ከየት ይመጣል?

በወሎ ኮሌስትሮል ሲነሣ ወዲያው የሚወቀሰው ቅቤና ጮማ ነው። ቅቤ ከወቀሳው ነፃ ነው አልልም፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፣ በተለይም ጉበት። ሰውነት ለሕዋስ ሽፋን፣ ለሐሞት፣ ለሆርሞኖችና ለቫይታሚን ዲ ይፈልገዋልና ከምግብ እስኪመጣለት አይጠብቅም። ስለዚህ አንዲት ጾም የማያፈርሱ፣ ሥጋ በበዓል ብቻ የሚቀምሱ እናት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ቢገኝ ላቦራቶሪው ተሳስቷል ማለት አይደለም። ጉበታቸው ብዙ እያመረተ፣ ወይም ከደም ውስጥ ጥቂት እየለቀመ ሊሆን ይችላል።

ኮሌስትሮል ቅባት ስለሆነ ከደም ጋር አይዋሃድም፤ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። ኤልዲኤል የሚባለው ጥቅል ሲበዛ ወደ ደም ሥር ግድግዳ ሰርጎ ይገባና እዚያው ይከማቻል። ክምችቱ ለዓመታት ያለ አንዳች ምልክት ያድጋል፤ አንድ ቀን ሽፋኑ ሲቀደድ ደም ይረጋበታል፣ የደም ሥሩም ይዘጋል። ይህ በልብ ላይ ሲደርስ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ላይ ሲደርስ ስትሮክ ይሆናል።

ጉበት ይህንን ኤልዲኤል ከደም ውስጥ የሚለቅሙ ተቀባዮች በሕዋሶቹ ገጽ ላይ አሉት። ተቀባዩ ኤልዲኤሉን ይዞ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል፣ ያስረክባል፣ ከዚያ ወደ ገጹ ተመልሶ ሌላ ይይዛል። ይህንን አሠራር የደረሱበት ማይክል ብራውን እና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ከዚህ በታች የሚነሡት ዋና ዋና መድኃኒቶች መንገዳቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው፤ በጉበት ላይ ያሉት እነዚህ ተቀባዮች እንዲበዙ ወይም ዕድሜያቸው እንዲረዝም ማድረግ።

የላቦራቶሪውን ወረቀት ማንበብ

ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥሮች ይኖራሉ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል (ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት የሚመልሰው ጥቅል)፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) እና ኤልዲኤል። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጠቅላላው ላይ ነው፤ ለመድኃኒት ምርጫ የሚያስፈልገው ግን በዋናነት ኤልዲኤል ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ ሳይለኩ ከሌሎቹ ሦስት ያሰሉታል፤ እርስዎም ማስላት ይችላሉ። ጠቅላላው 262፣ ኤችዲኤል 42፣ ትራይግሊሰራይድ 180 ቢሆን፣ ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ሲያካፍሉ 36 ይመጣል። ከ262 ላይ 42ን እና 36ን ሲቀንሱ 184 ይቀራል። ኤልዲኤልዎ ያ ነው፤ በዴሲ ሊትር ደም 184 ሚሊ ግራም። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት ስለማያስተማምን በቀጥታ የሚለካ ላቦራቶሪ መፈለግ ያስፈልጋል።

184 ብቻውን ግን ውሳኔ አይሆንም። የ30 ዓመት ጤናማ ሰው 184 እና ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የ58 ዓመት ሰው 184 አንድ አይደሉም። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ የስኳር ሕመምተኛም በአብዛኛው እንዲሁ። ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ባይኖርበትም ለመጀመር በቂ ምክንያት አለው፤ በተለይ አባት ወይም ወንድም በጎልማሳነት ዕድሜ በልብ ሕመም ከሞተ፣ በዘር የሚወረሰውን ዓይነት መጠርጠር ተገቢ ነው። ለቀሩት ሐኪሙ ዕድሜን፣ የደም ግፊትን፣ ሲጋራን እና ጾታን ደምሮ የቀጣዮቹን ዓመታት አደጋ ይገምታል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ኤልዲኤልን ከ70 በታች፣ የአውሮፓ መመሪያ እንደሚለው ከሆነም ከ55 በታች ማድረስ ይፈለጋል።

ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ነገር። ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞን ሲያንስ ኤልዲኤል ይጨምራል፣ የጡንቻ ሕመምም ያመጣል። በወሎ ደጋ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞኑ አንሶታል ማለት ባይሆንም፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ ወይም ብርድ የማይችሉ፣ የሚደክምዎና ሰውነትዎ የሚከብድዎ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ሆርሞኑ ሲስተካከል ኮሌስትሮሉ አብሮ ሊወርድ ይችላል።

ስታቲኖች፦ ጉበት ውስጥ የሚሠሩት

ጉበት ኮሌስትሮል ሲሠራ ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። ስታቲን ይህንን ኢንዛይም ያግዳል። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል፤ ትልቁ ሥራ ግን የሚከተለው ነው። የጉበት ሕዋስ ኮሌስትሮል ሲያጥረው እጥረቱን ለመሙላት ተቀባዮቹን በገጹ ላይ ያበዛል፣ ከደም ውስጥም ኤልዲኤል ይስባል። ቁጥሩ በዋናነት የሚወርደው በዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ከሻጋታ። ለሕሙማን የተፈቀደው የመጀመሪያው ሎቫስታቲን ሲሆን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። የሐኪሞችን ጥርጣሬ የሰበረው ግን በ1994 የታተመው የስካንዲኔቪያ ጥናት ነው። 4,444 የልብ ሕመምተኞች ገሚሱ ሲምቫስታቲን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ሞት በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም ገደማ በወረደ ቁጥር የልብና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከሌሎቹ መድኃኒቶች በፊት ስታቲን የሚታዘዘው በዚህ ማስረጃ ብዛት ነው።

መድኃኒት ቤት የሚያገኟቸው ሦስቱ ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን እና ሮሱቫስታቲን ናቸው።

ሲምቫስታቲን አንጋፋው ነው። 20 ወይም 40 ሚሊ ግራሙ ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ ያወርዳል። በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ስለሆነና ጉበትም ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ማታ መወሰድ አለበት። ድክመቱ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አለመስማማቱ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ሲምቫስታቲን እንዳይወስድ ይመከራል፤ አምሎዲፒን ደግሞ ከብዙ የግፊት ሕመምተኞች ኪስ የማይጠፋ ክኒን ነው። አንቲባዮቲኮቹ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ኢትራኮናዞል፣ እንዲሁም ሪቶናቪር ያለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይገናኙም፤ መጠኑ በደም ውስጥ እጅግ ይጨምርና ጡንቻን ይጎዳል። ጉንፋን ያዘኝ ብሎ አንቲባዮቲክ የሚጠይቅ ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ዘርዝሮ የማይናገር ከሆነ፣ አደጋው የሚመጣው እንዲህ ባለው ተራ ቀን ነው።

አቶርቫስታቲን ለአብዛኛው ሰው የእኔ ምርጫ ነው፤ ሳልሸፍን ልናገር። በ10 ሚሊ ግራም ከ35 በመቶ በላይ፣ በ40 ሚሊ ግራም ግማሽ ያህሉን ያወርዳል። ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ይወሰዳል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑን መቀነስ አያስፈልግም። ከአምሎዲፒን ጋር አብሮ ይሄዳል። ከክላሪትሮማይሲን ጋር እርሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ኃይሉን ስለሚቀንስበት የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሮሱቫስታቲን በሚሊ ግራም ሲመዘን ብርቱው ነው፤ 20 ሚሊ ግራሙ ኤልዲኤልን ከግማሽ በላይ ያወርዳል። በጉበት ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ስለሚለይ ከላይ ከተጠቀሱት አንቲባዮቲኮች ጋር ያለው ግጭት አነስተኛ ነው። ለብዙ መድኃኒት ተጠቃሚ ጥሩ አማራጭ ነው። ኩላሊቱ በጣም ለተጎዳ ሰው ግን ከ10 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል።

«ሮሱቫስታቲን 10 እና አቶርቫስታቲን 10 እኩል ናቸው» ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሮሱቫስታቲን 10 ሚሊ ግራም ከአቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም ጋር የሚቀራረብ ነው። መድኃኒት ቤቱ አንዱ አልቆበት ሌላውን ልስጥዎ ካለ፣ ቁጥሩን እያዩ ሳይሆን ሐኪሙን አስጠይቀው ይቀይሩ።

መጠን ማብዛት ወይስ ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር?

ምርጫው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብም በከንቱ የሚወጣው እዚሁ ነው። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲያድግ ውጤቱ በእጥፍ አያድግም። እያንዳንዱ እጥፍ ከመነሻው ኤልዲኤል ላይ ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚያወርደው። ምክንያቱ በከፊል ከራሱ ከስታቲኑ ነው። ስታቲን ተቀባዮቹን ሲያበዛ ፒሲኤስኬ9 የተባለውን፣ ተቀባዮቹን ወደ ጥፋት የሚነዳውን ፕሮቲን አብሮ ይጨምራል።

በቅድሙ 184 እናስላው። አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ወደ 92 አወረደው እንበል። መጠኑን ወደ 80 ብናሳድገው ከ184 ላይ 6 በመቶ፣ ማለትም 11 ያህል ይቀንስና 81 ላይ ይቆማል። በዚያ ፈንታ 40ውን ሳንነካ ኢዜቲማይብ የተባለውን ሌላ መድኃኒት 10 ሚሊ ግራም ብንጨምርስ? እርሱ ከቀረው 92 ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ 74 እንደርሳለን። የጡንቻና የጉበት ችግር ዕድልን ደግሞ ይበልጥ የሚያሳድገው የስታቲኑ መጠን መጨመር ነው። በደከመው በሬ ላይ ጅራፍ ከማብዛት ሌላ በሬ መጥመድ ይሻላል።

ኢዜቲማይብ የሚሠራው ቀጭኑ አንጀት ላይ ነው። ኮሌስትሮል ከአንጀት ወደ ሰውነት የሚገባበትን ፕሮቲን ይዘጋል። ወደ ጉበት የሚደርሰው ኮሌስትሮል ሲቀንስ ጉበቱ ተቀባዮቹን ያበዛል። «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አንጀቴ ውስጥ ኮሌስትሮል ከየት መጥቶ?» የሚል ሰው አለ። መልሱ ከሐሞት ነው። ጉበት በሐሞት በኩል ወደ አንጀት የሚያፈስሰው ኮሌስትሮል ከምግብ ከሚመጣው ይበልጣል፤ ብዙው ደግሞ ተመልሶ ይመጠጣል። ኢዜቲማይብ የሚይዘው ይህንንም ነው። ስለዚህ በሁዳዴም ሆነ በሮመዳን ሥራውን አያቆምም።

ብቻውን ሲወሰድ 18 በመቶ ገደማ ያወርዳል፤ ስታቲንን የሚተካ አይደለም። መጠኑ ለሁሉም 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት በልብ ሕመምተኞች ላይ ከሲምቫስታቲን ጋር ሲጨመር ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው አረጋግጧል። ከስታቲን ይልቅ በየመድኃኒት ቤቱ የመገኘት ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ያለማቋረጥ የሚያገኙበትን ቦታ ያረጋግጡ።

ጡንቻዬን አመመኝ የሚል ሰው

ስታቲን ጡንቻን ሊያሳምም ይችላል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ብልህ ጥናት አለ። በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች በተለያዩ ወራት ስታቲን፣ ባዶ ክኒን፣ ወይም ምንም ሳይወስዱ እንዲቆዩ ተደረገ። ከስታቲኑ ጋር ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው ባዶውን ክኒን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ያመጣው ግን በአብዛኛው ፍርሃትና «ያመኛል» ብሎ መጠበቅ ነበር።

ስለዚህ ከሰኞ ገበያ ኩንታል ተሸክሞ ጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ቤቱ የወጣ ሰው ማግስቱን እግሩን ቢያመው ክኒኑን ከመወንጀሉ በፊት ኩንታሉን ያስብ። የመድኃኒቱ ሕመም ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን ነው፤ ሁለቱንም ጭን፣ ሁለቱንም ትከሻ። እውነተኛ ሲሆን ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት አስቁሞ፣ ከዚያ በአነስተኛ መጠን ወይም በሌላ ስታቲን ያስጀምራል። ጡንቻው በብርቱ ከታመመ፣ ከደከመና ሽንቱ ከጠቆረ ግን መጠበቅ የለም፤ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ኩላሊትን ይጎዳል።

ስታቲን የደም ስኳርንም ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ ቀድሞውኑ ወደ ስኳር በሽታ ለተጠጋ ሰው። ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ስለሚበልጥ የስኳር ሕመምተኞች ራሳቸው እንዲወስዱት ይመከራል።

ፋይብሬት፣ ዱቄት እና ናያሲን

ፌኖፋይብሬት ከኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ተደርድሮ ይገኛል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። በጉበት ውስጥ ቅባት የሚቃጠልበትን መንገድ አነቃቅቶ ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል። ትራይግሊሰራይድ ከ500 ሲያልፍ ቆሽትን ለሚያቆስል ድንገተኛ ሕመም ስለሚያጋልጥ ያኔ ተገቢ ነው። ኤልዲኤልን ለማውረድ ግን ስታቲንን አይተካም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት በስኳር ሕመምተኞች ላይ ከስታቲን ጋር ተጨምሮ የልብ አደጋን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ትራይግሊሰራይድ የጨመረበት ሰው መጀመሪያ ስኳሩን፣ አረቄውንና ጠጁን ያስብ። ጄምፋይብሮዚል የተባለው ወንድሙ ከስታቲን ጋር አይደባለቅ። ፌኖፋይብሬት ብዙ ጊዜ በካፕሱል ይመጣል፤ የካፕሱል ሽፋን ከእንስሳ የሚሠራ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል በሃይማኖት ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ቢጠይቅ አግባብ ነው። ስታቲኖች በአብዛኛው ደረቅ ክኒን ስለሆኑ ጥያቄው እምብዛም አይነሣም።

ኮሌስታይራሚን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ይፈጃል። ወደ ደም ስለማይገባ አንዳንዴ ለነፍሰ ጡር ይመረጣል። ሆድ ያደርቃል፤ ሌሎች መድኃኒቶችንም ስለሚይዝ እነርሱ ከእርሱ 1 ሰዓት በፊት ወይም 4 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለባቸው። ለጾመኛ ሰው ይህ ሰዓት ቆጠራ ራስ ምታት ነው። ከቫይታሚን ቢ ወገን የሆነውን ናያሲንን በተመለከተ፣ ቁጥሩን ቢያሳምርም እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2014 የወጡት ጥናቶች በስታቲን ላይ ሲጨመር ለልብ ጥቅም አላገኙበትም። ይለፉት።

መርፌዎቹና አዲሱ ክኒን

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ባለባቸው የፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ የፒሲኤስኬ9ን ሚና ደረሱበት። ይህ ፕሮቲን የጉበቱን ተቀባይ ይይዘውና ወደ ገጹ እንዳይመለስ ያደርገዋል። በ2015 የተፈቀዱት ኢቮሎኩማብ እና አሊሮኩማብ ፕሮቲኑን ደም ውስጥ እያለ ይይዙታል፤ በየሁለት ሳምንቱ በቆዳ ሥር የሚወጉ ሲሆን ኤልዲኤልን ወደ 60 በመቶ ያወርዳሉ። ኢንክሊሲራን ደግሞ ጉበቱ ፕሮቲኑን ከመነሻው እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በ3ኛው ወር፣ ከዚያም በየ6 ወሩ ይወጋል።

ውጤታቸው የሚያስቀና ነው። ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ወሎዬ የማይታሰብ ነው፤ ደሴ መደርደሪያ ላይም አይፈልጓቸው። ከውጭ ዘመድ የሚልክለት ሰው ስላለ አንድ ነገር ልጨምር። ኢቮሎኩማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ ከወጣም ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት፣ በ30 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እስኪወጣ ቆላውን ማቋረጡ አይቀርም፤ የኮምቦልቻ ከሰዓት ደግሞ 25 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል፤ ባቲ ከሆነማ አይነሣ። በረዶ ባለው ዕቃ ካልመጣ አይቀበሉት። ኢንክሊሲራን ግን ማቀዝቀዣ አይፈልግም።

ቤምፔዶይክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ክኒን ነው። ስታቲን ከሚሠራበት ቀድሞ ባለ ደረጃ ላይ የኮሌስትሮል ሥራን ያግዳል። መድኃኒቱ የሚነቃው ጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ስለሆነና ጡንቻ ይህ ኢንዛይም ስለሌለው፣ ስታቲን ጡንቻውን ለሚያሳምመው ሰው የተሠራ ይመስላል። ዩሪክ አሲድን ስለሚጨምር ሪህ ላለበት አይመችም።

ተልባ፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት

ተልባና አብሽ የሚሟሟ አሰር ስላላቸው ኤልዲኤልን በጥቂቱ ያወርዳሉ፤ ሽሮና ባቄላም እንዲሁ። ይብሉ፣ ይጠጡ። ልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ክኒኑን ትቶ በተልባ ቢተካ 50 በመቶውን በጥቂት በመቶ ለወጠ ማለት ነው። ወፍራም ተልባ ጠጥተው ወዲያው መድኃኒት አይዋጡ፤ ሊያዘገየው ይችላል።

ስለ ቡናም ልንገርዎ፤ ወሎ ውስጥ ይህንን መናገር ድፍረት ቢሆንም። በወረቀት ማጥሊያ ሳይጣራ የሚፈላ ቡና ካፌስቶል የተባለ ቅባት ይይዛል፤ እርሱ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። የጀበና ቡና ከዚህ አያመልጥም። ቡናውን ይተዉ አልልም፤ አተላው በደንብ ሳይዘቅጥ አይቅዱ፣ ስኒውንም ይቁጠሩ።

ታዲያ ለማን የትኛው?

የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ደርሶበት ከሆነ አቶርቫስታቲን 40 ወይም 80፣ አለዚያ ሮሱቫስታቲን 20፤ ኢላማው ካልተመታ ኢዜቲማይብ ይጨመራል። ስኳር ላለበት፣ ልቡ ግን ደህና ለሆነ ሰው አቶርቫስታቲን 10 ወይም 20 ብዙ ጊዜ ይበቃል። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው በሲምቫስታቲን ፈንታ ከአቶርቫስታቲንና ከሮሱቫስታቲን አንዱን ይጠይቅ። ኩላሊቱ የደከመ አቶርቫስታቲን። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱን ስም ይዞ ይምጣ፤ ዶሉቴግራቪር ከስታቲን ጋር አይጋጭም፤ ሪቶናቪር ግን ይጋጫል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ስታቲን ከመቀጠሏ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ በአብዛኛው እንድታቆም ነው የሚመከረው። ያለፈውን ሁሉ ትቶ ዋጋውን ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ የአንድ ሳጥን ሳይሆን የ3 ወር ወጪውን ያስላ። ለ1 ወር ውዱን ገዝቶ 2 ወር ከማቋረጥ ርካሹን ሳያቋርጡ መውሰድ እጅግ ይሻላል።

ማቋረጥን ካነሣን፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ደጋግሜ የምሰማው ይህንን ነው፦ «ልጄ፣ ቁጥሩ ወርዷል ብለውኛል፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» «እማማ፣ የወረደው ስለሚወስዱት ነው» እላለሁ። ክኒኑ ሲቆም ኢንዛይሙ ሥራውን ይጀምራል፣ ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤልዲኤል ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በቀን አንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ሰዓት ስለሚወሰዱ ለጾም ይመቻሉ። በሮመዳን ከማፍጠሪያ በኋላ፣ በሁዳዴ ከቅዳሴ በኋላ። በሌላው ጊዜ ከአቦል ጋር ያያይዙት፤ ቡናው አይረሳም። ሁልጊዜ የ1 ወር መጠባበቂያ ይኑርዎ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት የጠፋበትን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች ይህ ምክር የተጋነነ አይመስለንም። የጤና መድን ያለዎት ከሆነ ሆስፒታሉ ውስጥ የሌለውን ከውጭ ሲገዙ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ የሚመለስልዎ መሆኑንም እዚያው ይጠይቁ።

ክኒኑን ሲቀበሉ የእሽጉን ጀርባ ይገልብጡ። ፊት ለፊቱ በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው፤ ከጀርባ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው። ሊፒተር ማለት አቶርቫስታቲን ነው፣ ክሬስተር ሮሱቫስታቲን፣ ዞኮር ሲምቫስታቲን። ከሆስፒታል አንድ ስም፣ ከግል ክሊኒክ ሌላ ስም ይዘው ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚውጡ ሰዎች አሉ፤ ውስጡ አንድ መድኃኒት ነው። ከጀመሩ ወይም መጠን ከቀየሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ኤልዲኤልዎን በዚያው ላቦራቶሪ ያስለኩ፤ የመጀመሪያውንም ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ ምን ያህል እንዳወረደ የሚያውቀው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ነውና።